ትርንጎ እና የ«ልዩ ልዩ» ሰዓት

ትርንጎ የጉና ልጅ ናት። ድንች ትተክላለች፣ ገብስ ታጭዳለች፣ ከሁሉ በላይ ግን በጎቿን ትወዳለች። በጎቹ የሚውሉት ከኮረብታው ሥር ባለው የወል ግጦሽ ላይ ነው። መስኩ ከሄደ በጎቹ ሄዱ፤ በጎቹ ከሄዱ ደግሞ የልጆቿ ልብስና የባሏ የማሩ ጋቢ ሳይቀር አብሮ ይሄዳል። እንግዲህ የቀበሌው ሊቀ መንበር አያ ደሳለኝ መስኩን ለአማታቸው ልጅ ለባሕር ዛፍ መትከያ ሊሰጡት ነው የሚል ወሬ ስትሰማ እህል አልወርድ አላት።

«በስብሰባ ይወሰናል ተብሏል» አለ ማሩ። «ሕዝቡ እንዴት እሺ ይላል?»

«እስከ ዛሬ ሕዝቡ እምቢ ያለው ነገር አለ?»

ማሩ ያለፉትን ስብሰባዎች በጣቱ ይቆጥር ጀመር።

ነገሩ እውነትም ግራ ያጋባል። ሰዉ በየቤቱ ሲያወራ ሊቀ መንበሩን የማይወቅስ የለም፤ ስብሰባ ላይ ግን የአያ ደሳለኝ ሐሳብ ሁልጊዜ በሙሉ ድምፅ ያልፋል። ትርንጎ ነገርን ከሥሩ ካላየች አይሆንላትምና በሚቀጥለው ስብሰባ ከኮሶው ዛፍ ሥር ተቀምጣ፣ ተናጋሪውን ትታ ተሰብሳቢውን ስታይ ዋለች።

ያየችው ይህን ነው። ስብሰባው በማዳበሪያና በመንገድ ሥራ ይጀምራል፤ ከባዱ ጉዳይ መጨረሻ ላይ «ልዩ ልዩ» በሚለው አጀንዳ ውስጥ ይሸጎጣል። እስከዚያ ድረስ አንዱ ሆዱን ይዞ ይነሳል፣ ሌላው ይከተለዋል። ቁጥቋጦው ሩቅ ነውና የሄደ አይመለስም። ሴቶቹ በቀን ሜዳ መውጣት ነውር ስለሆነባቸው ቀደም ብለው ወደ ቤት ያዘግማሉ። «ልዩ ልዩ» ሲደርስ የሚቀሩት የሊቀ መንበሩ ዘመዶችና ያንቀላፉ ሽማግሌዎች ናቸው።

«ማሩ» አለች ቤት እንደገባች፣ «ሆዱን የያዘ ሰው እጁን አያወጣም።»

«እና ለቀበሌው በሙሉ ፌጦ ልታጠጪ ነው?»

ትርንጎ ነጠላዋን ደርባ ወደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ፈንታነሽ ሄደች። ፈንታነሽ ምንጩ ይታጠር፣ መጸዳጃ ይቆፈር እያለች ጉሮሮዋ እስኪደርቅ የለመነች ልጅ ናት። የሚሰማት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት አንድ በአንድ አስረዳቻት። ምንጩን ሰውና ከብት አብረው ይጠጡታል። የጠጣ ይታመማል። በአረም ወቅት የተኛ ሰው ማሳው በአረም ይዋጣል። ምርት ያጣ ደግሞ ለማዳበሪያ ብድር የሊቀ መንበሩን በር ያንኳኳል፤ በሩን ባንኳኳበት ሰው ላይ ማን ይናገራል?

«እንግዲያ ነፃነት ከምንጩ ይጀምራል ነው የምትይኝ?» አለች ትርንጎ።

«እኔ ያልኩት እጃችሁን ታጠቡ ነው፣ እትዬ።»

ትርንጎ ደቦ ጠራች። ምንጩ ታጠረ፣ ከኮሶው ዛፍ ጀርባም መጸዳጃ ተቆፈረ። አያ ደሳለኝ ይህን ሲሰሙ እጅግ ደስ አላቸው፤ ንጹሕ ቀበሌ ተብሎ ነጭ ባንዲራ ሲተከል ፎቶ የሚነሱት እሳቸው ናቸውና። ለግድግዳው አጣና ከራሳቸው ሰጡ። ጣሪያውን ግን «ለምርቃቱ ይደርሳል» ብለው አቆዩት። ከታጠረው ምንጭ መቅዳትንም አልፈለጉም፤ «የሊቀ መንበር ቤት ወረፋ አይጠብቅም» ብለው እንደ ድሮው ከታችኛው ወንዝ አስቀዱ። ከምንጩ የተባረረው ከብት ሁሉ የወረደው ወደዚያው ወንዝ ነበር።

ክረምቱ አለፈ። ሰዉ በሆድ ሕመም ሳይተኛ አረመ፣ ድንቹም አማረ። ብድር ሳይጠይቁ ማዳበሪያ የገዙ እንኳ ነበሩ።

የመስኩ ጉዳይ የሚወሰንበት የስብሰባ ቀን ደረሰ። አያ ደሳለኝ ንግግራቸውን እንደ ልማዳቸው አረዘሙት። ሰዉ ተራ በተራ ከዛፉ ጀርባ ደርሶ ይመለሳል። ሴቶቹም አልተነሱም። አንድ ሽማግሌ ቀበቷቸውን እያጠበቁ ተመልሰው «‹ልዩ ልዩ› አላለፈብኝም አይደል?» ሲሉ ሊቀ መንበሩን ላብ ላብ አላቸው። ላቡ ግን ከፍርሃት ብቻ አልነበረም። ስለ ባሕር ዛፍ ጥቅም ጀምረው ድንገት ቆሙ፣ ጋቢያቸውን ሰበሰቡ፣ ወደ ዛፉ ጀርባ ሮጡ።

ጸሐፊው ሞላ ለደንብ የሚሞት ሰው ነው። «የተጀመረ አጀንዳ አይቆምም» አለ። «መስኩ ለባሕር ዛፍ ይሰጥ የሚል እጁን ያውጣ።»

የአማታቸው ልጅ እጁን አወጣ፤ ዙሪያውን የተቀመጠውን ሰው ቢያይ ጊዜ ራሱን አከከበት። ይህን ጊዜ ጣሪያ ከሌለው መጸዳጃ ግድግዳ በላይ አንድ እጅ ብቅ አለ።

«ሞላ፣ እኔ እደግፋለሁ» የሚል ድምፅ መጣ።

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። «ከዚያ ሆኖ ድምፅ አለ እንዴ?» አለ አንዱ።

ትርንጎ ተነሳች። «ይቆጠርላቸው፤ መብታቸው ነው።»

«አንድ ድጋፍ» ብሎ ሞላ ጻፈ። «የሚቃወም?»

እጅ እንደ ገብስ ማሳ ቆመ። መስኩ ለበጎቹ ቀረ።

ከግድግዳው በላይ ያለው እጅ ግን አልወረደም። «ውሃ የያዘ አለ?» አለ ድምፁ፣ አሁን ዝግ ብሎ።

ትርንጎ ጀሪካኗን ለባሏ ሰጠችው።

«አቀብላቸው፣ ማሩ። ከታጠረው ምንጭ ነው በላቸው።»