የቂሬው ጥድ

ጋሽ ኑርሁሴን የገዛ ልጃቸውን የከሰሱት ራሳቸው ናቸው። ደሴ ዙሪያ ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ አንዳንዱ እያደነቀ፣ አንዳንዱ ደግሞ «ምን ዓይነት ጨካኝ አባት ነው» እያለ ያወራዋል። እስቲ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ከመንደሩ በላይ ያለው ጋራ ተራቁቶ፣ ከሥሩ ያለችው ምንጭ ደርቃ፣ ሴቶቹ ጀሪካን ተሸክመው ሌላ ቀበሌ ውሃ ልመና የሚሄዱበት ዘመን ነበር። ያኔ ቂሬው ተሰብስቦ ጋራውን ከለለና ጥድ ተከለበት። ቂሬ የቀብር ማኅበር ነው ይባላል እንጂ፣ ወሎ ውስጥ ሰው ከቂሬ ወጣ ማለት ከነሕይወቱ ተቀበረ ማለት ነው። ቢሞት ቀባሪ፣ ቢያዝን አስተዛዛኝ የለውም፤ ጎረቤት እሳት እንኳ አያቀብለውም። ታዲያ ጥድ የቆረጠ ከቂሬ ይውጣ ተባለ፤ ዱዓም ተደረገበት። ጥበቃው ለጋሽ ኑርሁሴን ተሰጠ። እሳቸውም ችግኙን ከፍየልም ከሰውም እየተከላከሉ አሳደጉት። ምንጯም አላሳፈረቻቸውም፤ ተመለሰች። መንደሩ ሰኞ ገበያ አውርዶ የሚሸጠው ካሮትና ጥቅል ጎመን በእሷ ውሃ የበቀለ ነው።

ከዚያ ልጃቸው ተውፊቅ ሊያገባ ሆነና ለአዲሱ ቤቱ ምሰሶ አንድ ጥድ ቆረጠ። አንድ ብቻ። ማንም አላየውም። ጋሽ ኑርሁሴን ግን ትኩሱን ጉቶ አገኙና ግንዱ የተጎተተበትን ዱካ ተከትለው ቢወርዱ ከራሳቸው ግቢ ደረሱ። ዝም ቢሉ ያለቀ የደቀቀ ነገር ነበር። አላስቻላቸውም፤ ቂሬው ፊት ቆመው ተናገሩ። የቂሬው ሰብሳቢ ሚስባህ፣ የልጅነት ጓደኛቸው፣ ግንባራቸውን ስሞ «አንተን የመሰለ ሰው የለንም» አላቸው። ተውፊቅ ከቂሬ ወጣ። ሠርጉም ቀረ። ኮምቦልቻ ወርዶ ጫኝና አውራጅ ሆነ። አባትየው በየስብሰባው ይቅርታ ይለምኑለት ነበር፤ የሚስባህ መልስ ግን ሁሌም ያው ነው።

«ሕግ ሕግ ነው፣ ኑሬ።»

ተውፊቅ በየጁምዓው ይደውላል። ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «አባ፣ ጥዱ ደህና ነው?» «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ይሉታል። አባትና ልጅ የሚጽናኑት በዚህች ብቻ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ጋሽ ኑርሁሴን ከገበያ ሲመለሱ ጥድ የጫነ አይሱዙ ቁልቁል ሲወርድ አዩ። ሌባ መስሏቸው እያለከለኩ ወጡ። ጋራው ላይ የቆመው ግን ሚስባህ ነው፤ ከእንጨት ነጋዴ ጋር ይሳሳቃል። መጋዙ ይጮኻል።

«ምንድነው ይሄ፣ ሚስባህ?»

«ቂሬው ወሰነ። ድንኳኑም ድስቱም አርጅቷል፤ በዚህ እናድሰዋለን።»

«እኔ ቂሬው ውስጥ የለሁም?»

«ገበያ ነበርክ።»

ገበያ ነበርክ! ሰኞ ሰኞ ገበያ እንደሚውሉ እያወቀ፣ ቀን መርጦ! ጋሽ ኑርሁሴን ደማቸው ፈላ። ሚስባህ ግን ትከሻቸውን አቅፎ የምሥራች እንደሚናገር ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስማኝማ፣ ተውፊቅንም አውፍ ብለነዋል። ወላሂ፣ ይመለስ! ከእንግዲህ ምን የሚያጣላን ነገር አለ?»

ያን ሁሉ ዘመን የለመኑት ይቅርታ፣ ጥዱ ከተሸጠ በኋላ የአፍ መዝጊያ ሆኖ መጣላቸው። የሚስባህን እጅ ከትከሻቸው ላይ አሽቀንጥረው ጣሉና ወደ ምንጯ ወረዱ። ውሃዋ ገና ይፈሳል። እስከ መቼ እንደሚፈስ አላህ ነው የሚያውቀው።

ጁምዓ ስልኩ ጮኸ።

«አባ፣ ጥዱ ደህና ነው?»

ሊዋሹ ፈልገው ነበር፤ አንደበታቸው እምቢ አለ።

«ሸጡት፣ ልጄ። ላንተም አውፍ ብለውሃል፤ ና ተመለስ።»

 

«ታዲያ ለምን አወጡኝ?» አለ ተውፊቅ።

ተውፊቅ አባቱን አንቱ እያለ ያደገ ልጅ ነው። «አወጡኝ» ያለው ቂሬውን ይሁን አባቱን፣ ቃሉ አይለይም። ጋሽ ኑርሁሴንም «ማንን ነው?» ብለው ለመጠየቅ አልደፈሩም።