ሰው ይገባል፣ ከብት አይገባም

አጎቴ ሚስቱን «አንቺ» ይላታል፤ ላሙን ግን «እመቤት»። ሚስቱ በዚህ ነገር ስታሾፍበት ዓመታት አልፈዋል። እኔም አሾፍበት ነበር፣ ነገሩ እስኪገባኝ።

እመቤት መሪ ላም ናት። ድሮ በጋ ሲገባ መንጋውን ጫካው ውስጥ ወዳለው ጨዋማ ምንጭ የምትወስደው እሷ ነበረች። የግማሽ ቀን መንገድ ነው። አጎቴ ከኋላ ይከተላል እንጂ አይነዳም፤ መንገዱን የሚያውቁት ከብቶቹ ናቸው። ጊደሮች ከመሪዋ ኋላ ሄደው ይማራሉ፣ ሲያረጁ ደግሞ ለሌሎች ያሳያሉ። እመቤት ከእናቷ ነው የተማረችው። አጎቴም በወጣትነቱ ያንኑ መንገድ የተማረው ከእሷ እናት ኋላ እየሄደ ነው፤ ይህን ሲናገር ደግሞ አያፍርም።

ከዚያ ጫካው ጥብቅ ሥፍራ ተባለ። አጥር መጣ፣ በር መጣ፣ ከበሩ አጠገብ ቢሮ ተሠራ። መጠበቁን አልጠላሁም፤ ዛፉ እያለቀ እንደነበር ሁላችንም አይተናል። ግን ዛፉን የጨረሱት መጋዝ የያዙ ሰዎች ናቸው እንጂ ላሞች አይደሉም። ይህን ለመለየት ስንት ክፍል መማር ይጠይቃል?

አጎቴ የለመነው አንድ ቀን ብቻ ነው። እመቤት ሳትሞት ጊደሮቹን አስከትላ አንዴ ደርሳ ትመለስ አለ። እሷ ከሞተች፣ በሩ ነገ ቢከፈት እንኳ መንገዱን የሚያውቅ ከብት አይኖርም። ማመልከቻውን የጻፍኩለት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጉዳዩ እየታየ ነው አሉት፤ ቀጥሎ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፤ ቀጥሎ ኃላፊው ተቀየሩ። ሦስት በጋ እንዲህ አለፈ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። በየበጋው እመቤት መንጋውን እየመራች አጥሩ ድረስ ትሄድና ስታሸት ውላ ትመለሳለች። ዘንድሮ ግን ጉልበቷ ከዳት፤ ከበረት መውጣት አቃታት።

አጎቴ ኮቱን ለብሶ፣ ባዶ ጀሪካን ይዞ ቢሮ ሄደ። አብሬው ነበርኩ። ጸሐፊዋ ጨዋ ልጅ ናት፣ በእሷ አልፈርድም።

«አባባ፣ ሰው ይገባል፤ ከብት ነው የማይገባው» አለችው። «እርስዎ ከፈለጉ እንደ ጎብኚ መግባት ይችላሉ።»

ጀሪካኑን በር ላይ አስቀሩበት፤ ከውስጥ ምንም ነገር ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ዕድሜውን ሙሉ የተመላለሰበትን መንገድ አንድ አስጎብኚ እየመራ አሳየው። አጎቴ ምንጩ ጋ ሲደርስ ኮቱን አወለቀና ውሃው ውስጥ ነከረው። አስጎብኚው ቀና ብሎ ወፎች ማየት ጀመረ፤ እግዜር ይስጠው።

ኮቱን ሳይጨምቀው ለበሰና ወጣን። ቤት ስንደርስ በቀጥታ በረት ገብቶ እመቤት አጠገብ ተቀመጠ። እጅጌውን አሸተተች፤ ከዚያ ከክርኑ እስከ ትከሻው ላሰችው። አጎቴ ያለቅስ ነበር፣ እኔ ማየቴንም ነገሬ አላለውም። ስትጨርስ አንገቷን ወደ ጫካው አዙራ ለመነሳት ሞከረች፣ አልሆነላትም።

ከዚያ ጊደሮቹ መጡ። እነሱም እየተጋፉ ላሱት። ሲጨርሱ ግን ወደ ጫካው ያየ አንድም አልነበረም። አጎቴ ተነስቶ ወደ ቤት ሲሄድ ተከተሉት፣ በሩ ድረስ።

«አየሽ አይደል» አለኝ፣ «ምንጩ እኔ ጋ ያለ መስሏቸዋል።»