አንድ ደረጃ ዝቅ የሚለው ሳሎን

ቤታችን ቦሌ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ አውሮፕላን ሊያርፍ ሲወርድ በቡፌው ውስጥ ብርጭቆዎቹ የሚንቃጨሉበት ሰፈር። አባቴ በንጉሡ ዘመን፣ ገና ወጣት የንድፍ ሠራተኛ ሳለ፣ ፕላኑን በገዛ እጁ ነድፎ ያሠራው ነው። ዝቅና ረዘም ያለ ቤት። ፊቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ መስታወት፤ በረንዳውን የተሸከሙት ቀጫጭን የብረት ቋሚዎች ደግሞ ቀጥ ብለው ሳይሆን ዘመም ብለው የቆሙ። የሳሎኑ ወለል የጥቁር እንጨት ፓርኬ ነው፤ እንደ ዓሣ አጥንት እየተጋጠመ የተነጠፈ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ያቺ ደረጃ ነበረች።

ሳሎኑ ከመተላለፊያው አንድ ደረጃ ዝቅ ይላል። ለምን ብለው ለሚጠይቁት አባቴ "ሰው ወደ ሳሎን ሲገባ መግባቱ ይታወቀው ብዬ ነው" ይል ነበር። መግባቱማ ይታወቀው ነበር! እንግዳ ሁሉ ዓይኑ መስታወቱና አትክልቱ ላይ ስለሚቀር ደረጃዋን ሳያይ ይደናቀፋል። እኛም ካለንበት ሆነን በአንድ አፍ "እኔን!" እንላለን። አባቴ ይኼን ይወደው ነበር። "ሌላ ቤት እንግዳ ሲገባ እንኳን ደህና መጣህ ይሉታል፤ እኛ ቤት እኔን ነው የምንለው" እያለ ይስቃል። ከቤተሰቡ ግን አንድም ሰው ተደናቅፎ አያውቅም፤ መብራት በጠፋ ጊዜ እንኳ እግራችን ያውቃታል። ጨርሰው ያልለመዷት የእናቴ ታላቅ ወንድም ብቻ ነበሩ። በእኔ ክርስትና ቀን ጠጅ ይዘው ሲገቡ ከነብርሌው ተዘርረውባታል፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ በእሳቸው አፍ "ያቺ ጉድ" ሆኖ ቀረ።

ደርግ ትርፍ ቤት ሲወርስ የእኛ አንድ ብቻ ስለነበረ ቤቱ ተረፈ። አባቴን ግን አንድ ቀን ከሥራ ሲወጣ ወሰዱት። ለምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ የነገረን የለም። ለብዙ ጊዜ ስንቅ እያደረስን፣ መልኩን ሳናይ ኖርን። በኋላ እሑድ እሑድ መጠየቅ ተፈቀደ። እኛ ከአንዱ አጥር ወዲህ፣ እነሱ ከሌላው አጥር ወዲያ፣ በመሐል ዘበኛ እየተመላለሰ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ይጮሃል። በዚያ ጫጫታ ረጅም ወሬ አይሰማም።

የመጀመሪያው እሑድ አባቴ "ደህና ናችሁ?" ብሎ ጮኸ። "ደህና ነን!" አለች እናቴ።

"ቤቱስ?"

"እንደተውከው ነው!"

እንደተወው አልነበረም። በዚያው ክረምት የጣሪያው አሸንዳ በባሕር ዛፍ ቅጠል ተደፍኖ፣ ዝገትም በልቶት፣ ዝናቡ በግድግዳው ውስጥ ለውስጥ ወርዶ ሳሎኑ ውስጥ ተኝቶ ሰንብቷል። ፓርኬው አብጦ ተነቃቅሏል። እኛ የሳሎኑን በር ዘግተን በጓዳ በኩል ነበር የምንኖረው። ግን ለእስረኛ ክፉ ወሬ አይነገርም። ለታመመ፣ ለታሰረ፣ በመንገድ ላለ ሰው ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ሞት እንኳ ቢሆን ቀን ተመርጦለት ነው የሚረዳው። ስለዚህ የእናቴን ቃል እንደ ውሸት የቆጠረው ማንም አልነበረም፤ ከራሷ በቀር።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ እናቴ "እንግዲህ ብያለሁ" አለች። "ሳይመጣ፣ እንደነበረ ማድረግ ነው።"

ይመጣል ወይ የሚል ጥያቄ በቤታችን አይነሣም ነበር። ሳሎኑን ማደስ ይመጣል ማለት ነው፤ ዘግቶ መቀመጥ ደግሞ አይመጣም ማለት። ይኼ ማንም ሳይነግረኝ ለእኔም ገብቶኝ ነበር።

ግንበኛም አናፂም ነኝ የሚል ሰው ከገርጂ በኩል አመጣን። ሳሎኑን ዞር ዞር ብሎ አየና "እትዬ፣ ይሄ ቀላል ነው" አለ። "ጉድጓዱን በገረጋንቲ እንሞላውና ከመተላለፊያው ጋር እኩል ሊሾ እናለብሰዋለን። ውሃም አይተኛበት፣ ሰውም አይወድቅበት።"

አጎቴ ደስታቸውን መደበቅ አቃታቸው። "ይኸው! ባለሙያ ተናገረ። ያቺን ጉድ በዚሁ ተገላገሏት!"

"ጋሼ፣ እርስዎ ደግሞ የጠጁን ቂም ይተዉት እንጂ" አለች እናቴ። "እንደተውከው ነው ብዬዋለሁ።"

"ሲሚንቶስ ወለል አይደለም እንዴ? ከእስር የወጣ ሰው ወለል አይቶ ይቆጣል?"

"አይቆጣም። ግን ያየዋል።"

እኔ በልቤ የአጎቴ ወገን ነበርኩ። ሲሚንቶ እንኳ ቀበሌ ደጅ ተጠንቶ በሚገኝበት ዘመን የጥቁር እንጨት ፓርኬ መመኘት ላም አለኝ በሰማይ ነው። እናቴ ግን በማግስቱ የመኝታ ቤቷን አልጋ አስነሥታ ወለሉን ለሠራተኛው አሳየችው። እዚያም ያው ፓርኬ ነበር፤ ደረቅ፣ ጠብታ ያልነካው።

"አሸንዳውን ከጠገንክ በኋላ ከዚህ ነቅለህ እዚያ ትከልልኝ። ሊሾህን እዚህ አልብሰው፤ እዚህ እንግዳ አይገባም" አለችው።

የሊሾ ብርድ የዋዛ አይደለም። ከዚያ በኋላ ስንት ክረምት ካልሲ አጥልቃ እንደተኛች እሷና እግሯ ያውቁታል።

ተነቅሎ የወጣው እንጨት ጀርባው ሬንጅ ነው። ሬንጁን በቢላ መፋቅ የእኔ ሥራ ሆነ። ጥፍሬ እንደጠቆረ ትምህርት ቤት ስሄድ "ወሎ ሰፈር ጋራዥ ተቀጠርሽ እንዴ?" እያሉ ተሳለቁብኝ። አንድ ቀን ንድድ አለኝና ቢላውን ወርውሬ "ለአንድ ደረጃ!" አልኳት።

"ለአንድ ደረጃ አይደለም" አለች። ቢላውን አንሥታ ራሷ ትፍቅ ጀመር። እየተነጫነጭኩም ቢሆን ከወጥ ቤት ሌላ ቢላ አመጣሁ።

የሳሎኑ ትልቁ መስታወትም በዚያ ክረምት ተሰንጥቆ ነበር፤ ምትክ ከተማው ውስጥ ጠፋ። ሠራተኛው በእንጨት ከፋፍሎ ትንንሽ መስኮት ሊያደርገው ቢለምናት እምቢ ብላ፣ ስንጥቁን በፕላስተር ለጥፋ ተወችው። ከውጭ ደግሞ ቀለም አላስቀባችም። ባሏ ታስሮ ቤት ታሳምራለች የሚል ምላስ ነበረ፤ ያማረ ቤት ሲያይ የሚቋምጥ ዓይንም ነበረ። ከመንገድ ለሚያየው ቤታችን የተላጠ፣ የተጎሳቆለ ነው። ውስጡን ግን ወለሉን ሰም ቀብተን፣ በብርድ ልብስ ቁራጭ እየወለወልን እንደ ድሮው አበራነው።

ያለቀ ሰሞን የጎረቤታችን ባለቤት ብቅ ብላ፣ እንደ ደንቡ ደረጃዋ ላይ ተደናቅፋ፣ እንደ ደንቡም "እኔን!" ተብላ፣ ሳሎኑን ስታይ "ቤት ለእንቦሳ!" አለች። መልሱ "እንቦሳ እሰሩ" እንደሆነ ልጅ እንኳ ያውቃል። እናቴ ግን ፊቷ ተለወጠ።

"የምን ቤት ለእንቦሳ አመጣሽ! አሮጌ ቤት እኮ ነው። የተለወጠ ነገር የለም።"

ሴትዮዋ ምርቃት ሲመለስባት አይታ ስለማታውቅ ደንግጣ ቀረች። ከእሷም በኋላ ስንቱ እንግዳ "ቤት ለእንቦሳ" አለ፤ እናቴ ለአንዱም "እንቦሳ እሰሩ" አላለችም። እሑድ ሲደርስ ግን አባቴ ከአጥሩ ማዶ "ቤቱስ?" ሲል፣ "እንደተውከው ነው!" ብላ የመለሰችበት ድምፅ የፊተኛው ድምፅ አልነበረም።

ብዙ ክረምት አለፈ። ወለሉ በየበዓሉ ሰም ተቀባ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ይዤ ነበር አባቴ ተፈታ የተባለው። አጎቴ ሄደው ይዘውት መጡ። እኛ ሳሎን ሆነን ጠበቅነው። በሩ ሲከፈት፣ በመተላለፊያው የሚመጣው እርምጃ የእሱ አልመሰለኝም፤ አጭርና ጥንቁቅ ነበር። እናቴ መሐል ሳሎን እጇን አጣምራ ቆማለች፤ ወለሉን አታይም፣ ፊቱን ነው የምታየው። እሱም ዓይኑን እሷ ላይ ተክሎ መጣ፣ መጣና፣ ደረጃዋን ሳታት። በጉልበቱና በመዳፉ ወደቀ።

"እኔን!" አልን ሁላችንም፣ በአንድ አፍ።

በዚያች ደረጃ የሚደናቀፈው እንግዳ ብቻ ነው። ሁላችንም ይኼንኑ ነበር የምናስበው፤ የእናቴን ፊት ማየት አቃተኝ።

"ብዬ ነበር!" አሉ አጎቴ ከኋላው እየተጣደፉ። "ብዬ ነበር እኮ! ነገውኑ ትሞላለች!"

"ትቆይ ጋሼ" አለ አባቴ። "እለምዳታለሁ።"

ልናነሣው ብንጠጋ በእጁ ከለከለን። ዞሮ ደረጃዋ ላይ ተቀመጠና መዳፉን ፓርኬው ላይ አድርጎ እንጨት ከእንጨት የተጋጠመበትን ይዳብስ ጀመር። ፕላስተር የተለጠፈበትን መስታወት አየ። እኔን አየኝ፤ ሲሄድ ወገቡ ድረስ ነበርኩ። እናቴን አየ፤ ፀጉሯ ከፊት በኩል ሸብቷል። አሁን "እንደተውኩት ነው" ይላል ብዬ ጠበቅሁ።

"ቤት ለእንቦሳ" አለ፣ ቀስ ብሎ።

እናቴ ነጠላዋን ሰብስባ ሄዳ አጠገቡ፣ ደረጃዋ ላይ፣ ተቀመጠች።

"እንቦሳ እሰር" አለችው።