እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየው ኪኒን

ልጄ ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ላይ በከፈተው ሐኪም ቤት ስትገባ ፋሻ አጣቢ ነበረች። ቆይቶ ሐኪሙ ቅልጥፍናዋን አየና ለወባ ንዳድ በሽተኞች ኪኒን ማደል አስተማራት። ደንቡ አንድ ነው፤ በሽተኛው እፊቷ ይውጣል፣ አፉን ከፍቶ ያሳያል። ኪኒን ይዞ ከደጅ የወጣ፣ ለአርበኛ ሊያቀብል ነው ይባላል። ይህን ከሰማሁ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። አባቷ በረሃ ነው። ለጠየቀኝ ሁሉ ሞቷል እላለሁ።

እሷ ግን የተማረችውን ሳታወራ አትውልም።

«እማዬ፣ ኪኒን እንደ ኮሶ አንዴ ጠጥተሽ የምትገላገይው መሰለሽ? ተሻለኝ ብሎ የተወው እንደሆነ ንዳዱ ተመልሶ ይነሣል።»

«ቀስ በይ፣ ጎረቤት ይሰማል።»

«ስለ ኪኒን ቢሰማ ምን አለበት?» ትስቅብኛለች።

ሁዳዴ ገባ። የንስሐ አባታችን ከይጁቤ በበቅሎ፣ ሰው ደግፏቸው መጡ። አገራቸው ሲቃጠል ወደ ዓባይ በረሃ ሸሽተው ንዳድ ይዟቸዋል። ለስንቱ በሽተኛ ጾም የፈቱ ሰው ለራሴ አልፈታም አሉ። ኪኒኑን ጉንጫቸው ውስጥ ሸሽገው፣ ምሬቱ ዓይናቸውን እያስለቀሰ፣ ለልጄ አፋቸውን ከፍተው አሳዩ። አመነቻቸው። በሩ ላይ አውጥተው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሊውጡት። ዘበኛው አየ፤ ኪኒኑን ነጠቃቸው።

ጎረቤት ጠርቶኝ ስደርስ ልጄ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች፤ ፊቷ በጥፊ አብጧል። አስተርጓሚው፣ የእኛው አገር ሰው፣ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ሴትዮ፣ ልጅሽ ለሽፍታ መድኃኒት ታሾልካለች። አባቷ የት ነው?»

«ሞቷል፣ ጌታዬ።» እግሩ ላይ ወደቅሁ። «አባ ጾመኛ ናቸው። ሰዓቱ ሳይደርስ እንዴት ይቅመሱ? እዚሁ ያቆዩአቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ካልዋጡ እኔን የፈለጉትን ያድርጉኝ።»

«አሁን አንቺ እኔን ጾም ልታስተምሪኝ ነው?» አለና ለሐኪሙ ነገረው። ሐኪሙ ሰዓቱን አየ። ይቆዩ አለ።

ፀሐይ ላይ ተቀመጥን። አባ በጋቢያቸው ተጠቅልለው ጥርሳቸው ይንገጫገጫል።

«አባ፣ በሞቴ፣ አሁን ይዋጡት» ትላለች ልጄ።

«ትንሽ ነው የቀረው፣ ልጄ።»

ሰዓቱ ሲደርስ ዘበኛው ኪኒኑን ሰጣቸው። አማትበው ዋጡ። ሐኪሙም ዘበኛውም ጎንበስ ብለው አፋቸውን መረመሩ፤ እንደ በቅሎ ጥርስ።

ልጄን ለቀቋት፤ ወደ ፋሻው መለሷት። ኪኒን ግን ከዚያ ወዲያ ጠዋት ብቻ፣ ያውም በወተት እንዲዋጥ ሆነ፤ ማታለል እንዳይኖር ተብሎ። በሁዳዴ ወተት! ስንቱ ከደጅ ተመለሰ። አባም እኛ ቤት ተኝተው በዚያች በአንዷ ኪኒን ብቻ ቀሩ።

ፋሲካን ሳያዩ ቀበርናቸው። ልጄ መቃብሩ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት ቢሰጧቸው ምን ይጎድልባቸው ነበር!» ብላ ጮኸች። አስተርጓሚው ነጠላውን አዘቅዝቆ ከለቀስተኛው መካከል ቆሟል፤ የእኛው ሰው አይደል። ሊያለቅስ ይምጣ ሊሰማ፣ ምን አውቄ? አፏን በእጄ ከደንኩት።