አባቴ የሞቱበት ምረቃ

ነገሬ ሁሉ የተበላሸው ነቀምቴ ላይ አዳራሹ በተመረቀበት ቅዳሜ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የነደፍኩት የመጀመሪያ ሕንፃ ነበር። አባቴ አርጆ የሠሩት ቤት የገበያ መንገደኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ሰፊ የጣሪያ ክፈፍ፣ ከሥሩም መደብ አለው፤ አዳራሹንም በዚያው አምሳል ነደፍኩት።

አለቃዬ ኢንጂነሩ መድረክ ላይ ወጣና፣ «ይህን የነደፍኩት አርጆ ያለውን የሟች አባቴን ቤት እያሰብኩ ነው» ብሎ እንባውን ጠረገ። አርጆን የሚያውቃት እኔ ባሳየሁት ፎቶ ብቻ ነው።

ሽማግሌዎቹ እየተነሱ «ጃባዱ፣ በርታ ልጄ» እያሉ አጽናኑት። አጠገቤ የተቀመጡት አባቴም ከዘራቸውን ይዘው ሄዱና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሲመለሱ፣ «ምስኪን፣ ደግ አባት ነበረው» አሉኝ።

ኢንጂነር፣ ሕንፃውስ ይቅርብኝ። አባቴን ግን በቁማቸው ለምን ገደልክብኝ? ዛሬስ መልስልኝ።