እግር ለማጠብ የተጣላን ዕለት

ከጎጃም በረንዳ ሱቄ የወሰዱኝ ረፋድ ላይ ነው። ደንበኛ ፊት ስለ መንግሥት ተናግረሃል አሉኝ፤ ተናግሬም ነበር። የፖሊስ ጣቢያው ክፍል ላብና እርጥብ ሲሚንቶ ይሸታል። ከጣሪያው ሥር ባለችው መስኮት የመርካቶ ተሸካሚዎች ጩኸት ይገባል።

የክፍሉ አለቃ፣ እስረኛው ካቦ የሚለው፣ የወሎ ሙስሊም ነበር፤ ድምፁ ግድግዳ የሚያስተጋባ የጨርቅ አከፋፋይ። ለሽምግልናዬ ብሎ ጥጉን ሰጠኝ። ብዙም ሳይቆይ ጥጌ ጉባኤ ሆነ። የሚገባኝም ነበር። የቄስ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳልረግጥ፣ በርበሬ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ግዕዝን በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ወንጌሉን በቃሌ እወጣዋለሁ።

"ጋሼ፣ ጠላትህን ውደድ የሚለው ለመርማሪም ይሠራል?" ይሉኛል።

"በተለይ ለሱ!"

ይስቃሉ፤ ያደምጣሉ።

ከዚያ መምህሩን አመጡት። ወጣት ነው፤ መንፈሳዊ ኮሌጅ የጨረሰ፣ በስልክ የሚሰብክ። ታስሮም ያምራል። ወዲያው ጉባኤዬ ተነሥቶ ወደሱ ዞረ።

"ሰው ጫማ አድርጎ በታክሲ በሚሄድበት ዘመን፣ ክርስቶስ እግር ተጣጠቡ ሲል ምን ማለቱ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ራሱም ይመልሳል፤ "ሽንት ቤቱን ማን ያጥባል ማለቱ ነው።"

ጥሩ መልስ ነበር። ከኔ አፍ መውጣት የነበረበት መልስ ነበር። ያን ቀን ምሳዬ አልወረደልኝም።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ስለማንችል የእግር ማጠቡን ሥርዓት እዚያው እናድርግ ተባለ። አጣቢው ማን እንደሆነ ግልጽ ስለመሰለኝ እጅጌዬን ጠቀለልኩ።

"መምህር ይጠበን!" አለ አንዱ። ሌሎቹም ተቀበሉት።

መምህሩ ጀሪካኑን ሲያነሳ እኔም ያዝኩት።

"ልቀቅ ልጄ። በዕድሜም በዕውቀትም የሚገባው ለኔ ነው።"

"ጋሼ፣ እርስዎ ጎንበስ ብለው ይችሉታል? ወገብዎ..."

"በወገቤ ምን አገባህ?"

"ዝቅ ማለት የኔ ፋንታ ነው።"

"እኔ ካንተ በፊት ዝቅ ብያለሁ!"

ስንጓተት የውሃው ግማሽ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ለዕለቱ የተሰጠን ያው ብቻ ነበር።

ካቦው ጀሪካኑን ከሁለታችንም ነጠቀ። "ወላሂ፣ እግር ለማጠብ ሲጣሉ ዛሬ ገና አየሁ! ቁጭ በሉ ሁለታችሁም። እኔ በቀን አምስቴ ስለምታጠብ ሥራውን አውቀዋለሁ።"

ጎን ለጎን ተቀመጥን። መጀመሪያ የመምህሩን አጠበ፤ ይህም አንገበገበኝ። እኔ ጋ ሲደርስ በጣቶቼ መሃል ሳይቀር እያሸ አጠበኝ።

ሲጨርስ እሱን የሚያጥብ አልተገኘም። የተረፈችውን ውሃ ወስጄ ተንበረከክሁ።

"ኧረ ጋሼ ይተዉ! እኔ እኮ ሙስሊም ነኝ።"

"እግር አለህ አይደል?" አልኩት።

አጥቤ በነጠላዬ አደረቅሁለት። ቀና ስል መምህሩ እያየኝ ነበር። ደስ አለኝ።

ዛሬ መምህሩን ብዙ ሕዝብ በስልክ ይከታተለዋል። የገዛ ልጄ እንኳ ሱቄ ውስጥ ከፍቶ ያደምጠዋል። ስለ እግር ማጠብ ሲያስተምር እሰማለሁ፤ ያችን ዕለት ግን አንሥቷት አያውቅም። ሐዋርያቱም ክርስቶስ እግራቸውን ባጠበበት በዚያው ማዕድ ማን ይበልጣል ብለው መከራከራቸው ተጽፏል። ይህን እሱም ያውቃል፤ እኔ ግን የበለጠ አውቀዋለሁ።

በዕውቀት እበልጠዋለሁ፤ አሁንም እላለሁ። የምቀናው በካቦው ነው። አጥቦን ሲያበቃ፣ ማን እንዳየው ለማወቅ ቀና አላለም።