የወንድሜን ስልክ ማን ነካው

የወንድሜን ስልክ እሱ ይሠራበት የነበረው መጋዘን ቢሮ ሦስት ቀን አቆይቶ ነው የመለሰልን። ወንድሜ እሑድ ዕለት፣ ሥራ ላይ እያለ፣ የተደረደረ ዕቃ ተንዶበት ሞተ። ረቡዕ አንድ ሰውዬ ስልኩን በፖስታ ከትቶ አመጣና "ንብረቱ ነው" አለን። ንብረቱ! ሌላ ቃል አጥቶ ነው?

ቤታችን ካርቲየ 1 የሚባለው ሰፈር ነው። እኔ፣ እሱና እማ ሦስት ነበርን። ስልኩን ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩት። ለመክፈት... አልቻልኩም። የከፈትኩት አንድ ወር ሊሞላው ሲል ነው። የፈለግሁት አንድ ነገር ብቻ ነበር። ራስ ዲካ በሚባለው ባሕር ዳርቻ ተቀምጦ ሲዘፍን በራሱ ስልክ የቀረጽኩለት ቪዲዮ ነበር። ዘፈን አይችልም። መሀል ላይ ግጥሙ ይጠፋውና ይስቃል። ድምፁን እየረሳሁት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን ያስከፈተኝ ይህ ፍርሃት ነው።

ጋለሪው ባዶ ነበር። ፎቶ የለም። ቪዲዮ የለም። ይሰማቸው የነበሩት ዘፈኖችም የሉም። የተሰረዘ ነገር ለጊዜው የሚቆይበት ቦታም ባዶ ነው።

ቢሮው ነው አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል? በርብረውታል፤ ምናልባትም የሚሰልል ነገር ጭነውበት ነው የሰጡን። በማግስቱ ስልኩን ይዤ ሰፈራችን ወዳለ ስልክ ጠጋኝ ሄድኩ። ሶማሌ ነው። አማርኛን የለመደው ከአገራችን ከሚመጡ የከባድ መኪና ሹፌሮች ስለሆነ ስድቡ ከሰላምታው ይቀድማል።

"አንተን ደግሞ ማን ይሰልልሃል?" አለኝ። "የጫት ሰዓትህን ሊያውቅ ነው?"

"የእኔ አይደለም። የወንድሜ ነው።"

"አላህ ይዘንለት" ብሎ መነጽሩን አደረገ።

አንድ በአንድ እያሳየኝ ፈተሸው። የማናውቀው አፕ ተጭኖ እንደሆነ አየ። ካሜራውንና ማይክሮፎኑን ማን እንዲጠቀም እንደተፈቀደለት አየ። ጥሪው ወደ ሌላ ቁጥር ይዞር እንደሆነ፣ አካውንቱ ሌላ ስልክ ላይ ተከፍቶ እንደሆነ አየ። ምንም የለም።

"ደግመህ እይ!" አልኩት። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሌላ ደንበኛ ዞሮ አየኝ። ጥፋት እንዲገኝባቸው እፈልግ ነበር።

"ቀስ በል ወንድም" ብሎ፣ ስልኩ በየቀኑ ምን ያህል ጊዜ እንደተነካ የሚያሳየውን ገጽ ከፈተ። ቢሮ በነበረበት ጊዜ፣ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ማንም አልከፈተውም። ከዚያ ወዲያ ባለው ዓርብ ግን ጋለሪው ሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ተከፍቶ ነበር።

"ሌባ ይህን ያህል አይቀመጥም" አለኝ። "ሌባ ሁሉንም መርጦ ባንዴ ነው የሚያጠፋው። ይሄኛው እያየ ነው ያጠፋው።"

የጠፋውን ለመመለስ ሞከረ። አልሆነም።

ዓርብ ስልኩ ቤታችን ነበር። እኔ መቃብር ሄጄ ነበር። ቤት የነበረችው እማ ብቻ ናት።

ስገባ ሩዝ እየለቀመች ነበር። ስልኩን ትሪው ላይ፣ ሩዙ መሀል አስቀመጥኩት።

"አንቺ ነሽ?"

"እኔ ነኝ።" አልካደችም።

"ለምን?" በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር።

"ለቅሶ የመጡት ሴቶች ነገሩኝ። የሞተ ሰው ዘፈንና ፎቶ ትቶ ከሄደ፣ ሰው ባየው ቁጥር ወንጀሉ እሱ ላይ ይጻፋል። እሱ አፈር ውስጥ ሆኖ እየተጻፈበት እኔ ልተኛ?"

"ኡስታዝ ጠይቀሻል?"

"ልጇን ከእሳት ለማውጣት ፈቃድ የምትጠይቅ እናት አይተሃል?"

"መክፈቻውን ማን አሳየሽ?"

"አጠገቤ ተቀምጦ ስንቴ ከፍቶታል! ማጥፋቱን ያስተማርከኝ ደግሞ አንተ ነህ፤ የኔ ስልክ ሞልቶ እምቢ ሲል።"

እውነቷን ነው። እውነቷ ይብስ አናደደኝ።

"ራስ ዲካ የዘፈነውንስ?"

"አየሁት" አለች። ሩዙን በጣቷ ትበትን ጀመር። "ሦስት ጊዜ አየሁት። መጨረሻ ላይ ያጠፋሁት እሱን ነው።"

"ሲስቅስ?"

"ሲስቅም ሰማሁት።"

ሰዎች "እናት ናት፣ እለፈው" ይሉኛል። ለእሱ ብላ እንዳደረገችው አውቃለሁ። ግን ከመቃብር እስክመለስ ብትጠብቀኝ ምን ነበረበት? አጠገቧ ተቀምጬ አንዴ፣ አንዴ ብቻ ብሰማው? እሷ እያንዳንዱን እያየች ተሰናበተችው። እኔን ማን አሰናበተኝ?

በማግስቱ ምሳ አቀረበችልኝ፣ አልበላሁም። በሦስተኛው ቀን በላሁ። ከዚያ ወዲህ የምናወራው ስለ ውኃና ስለ ዳቦ ነው። አንዳንዴ፣ እሷ ልብስ ስታጥፍ፣ "እንዴት አድርጎ ነበር የሳቀው?" ልላት አፌ ላይ ይመጣል። ሦስት ጊዜ የሰማች እሷ ናት፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው የለም። ንዴቴ ይመልሰዋል።